ዳቦ ከማቆምሽ በፊት ደምሽን አስመርምሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምሠራው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጭንቅላቴ አልታዘዝ ብሎኛል። በተለይ ከምሳ በኋላ ፍዝዝ እላለሁ። ስልክ የደወለውን ሰው ስሙን እጠይቀዋለሁ፤ ነግሮኝ ሳይጨርስ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ከግሮሰሪ ስወጣ መኪናውን የት እንዳቆምኩት ብቻ ሳይሆን፣ በእኔ መኪና ይሁን በባለቤቴ እንደመጣሁም ጠፋኝ። የእጄ ጣቶችና የእግሬ መዳፍ ይደነዝዛሉ፣ ይወሩኛል። ሆዴ ይነፋል። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የብረት ኪኒን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል።

የሥራ ባልደረባዬ “ይሄ ግሉተን ነው፣ ዳቦ ተዪ” አለችኝ። ዳቦም ፓስታም ተውኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጭንቅላቴ ገለጥ አለልኝ። ደስ ብሎኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ሲሊያክ የሚባለው በሽታ እንዲመረመርልኝ ጠየቅኩ። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ። ሐኪሙም “ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው” ብሎ ሸኘኝ። እንጀራ እንደሆነ ጤፍ ስለሆነ እሱን አልተውኩም። ታዲያ ግሉተን ነው ወይስ አይደለም? እያበድኩ ይሆን እንዴ?
ግራ የገባት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። በሥነ ምግብ ባለሙያነት የምሠራው እዚሁ አንቺ ያለሽበት አካባቢ ነው። እንዳንቺ “ጭንቀት ነው” ተብለው የተሸኙ የአገራችን ሴቶች በየጊዜው ይመጡብኛል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ምርመራው እንነጋገር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። የሲሊያክ የደም ምርመራ ደም ውስጥ ግሉተን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትሽ በግሉተን ምክንያት የሚያመርተውን አንቲቦዲ፣ ማለትም የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ስንዴ ስታቆሚ ሰውነትሽም ማምረቱን እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ ደም ሲቀዳ በሽታው እያለም ውጤቱ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። አንቺ ደግሞ ዳቦውንም ፓስታውንም ትተሽ ነው የሄድሽው። ስለዚህ ያ ወረቀት ለጥያቄሽ መልስ አልሰጠም። ይህን ሳይጠይቁሽ መሸኘታቸው ያሳዝነኛል። “ስንዴ እየበላሽ ነው ወይ?” ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ሆድና ጭንቅላት ምን አገናኛቸው ወደሚለው ልምጣ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ዞሮ የራሱን ትንሹን አንጀት ይወጋል። ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሳይ ጥቃቅን እጥፋቶች ይሟሽሻሉ። ብረት፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ቢ12 እንደልብ አይገቡም። የብረት ኪኒን እየዋጥሽ ደምሽ ተመልሶ የሚወርደው በዚህም ሊሆን ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ በሽታ አለበት። አብዛኛው እንዳለበት አያውቅም፤ ተቅማጥ የሌለው ሰው ማን ጠርጥሮ ይመረምረዋል?

ፈረንጆቹ ብሬይን ፎግ የሚሉት የጭንቅላት መጨፍገግ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ሲናገሩት የኖሩት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የሜልበርን ጥናት፣ ሲሊያክ ገና የተገኘባቸውን 11 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ግሉተን ካቆሙ በኋላ ቃል ቶሎ የማምጣት፣ ልብ ሰብስቦ የመከታተልና የእጅ ቅልጥፍና ፈተናዎች ላይ ውጤታቸው እየተሻሻለ ሄደ። መሻሻሉ ከአንጀታቸው መዳን ጋር አብሮ የሚሄድ ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ሆኖም በሥራዬ ከማየው ጋር ይገጥማል፤ ጭንቅላት ቀስ እያለ ነው የሚጠራው፣ በሳምንት አይደለም።

ከፍዘዙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የእጅና የእግርሽ መደንዘዝ ነው። በስዊድን በተደረገ ሰፊ ጥናት ሲሊያክ በአንጀት ናሙና የተረጋገጠባቸው ሰዎች በነርቭ ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የነርቭ ሐኪም ማሪዮስ ሃጂቫሲሊዩ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ፣ በብዙዎቹ ደም ውስጥ ግሉተን ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ አገኙ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1996 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። ከዚያ በኋላ ግሉተን አታክሲያ የሚባል በሽታ ታወቀ። ከራስ ቅል በስተኋላ ታች ያለውን፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ነው የሚያጠቃው። ሰውየው ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል። ብዙዎቹ ሆዳቸውን አሟቸው አያውቅም። እዚያ የአንጎል ክፍል ውስጥ የሞተ ሕዋስ ደግሞ አይተካም፤ ለዚህ ነው ቶሎ መታወቅ ያለበት።

ቤትሽ ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ አጠገብ ቁሚ። ጫማሽን አውልቂ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጋር እያገጣጠምሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። አንድ ሰው አጠገብሽ ይሁን። አላስኬድ ካለሽ፣ ወይም ወደ አንድ ወገን የሚጥልሽ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ይህ የቤት ሙከራ ሐኪም አይተካም፤ ምን ብለሽ እንደምትናገሪ ግን ያሳውቅሻል።

እንጀራሽስ? “ጤፍ ስለሆነ አልተውኩም” ያልሽውን ሳነብ ቆም አልኩ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለም። እዚህ አሜሪካ የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ ግን ጤፍ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ከረጢቱን ገልብጪና ጽሑፉን አንብቢ። ብዙ ጊዜ “ጤፍ” የሚለው ፊት ለፊት በትልቁ ይጻፋል። ከኋላ በደቃቅ ፊደል ግን ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ይገኝበታል። ሰልፍ ራይዚንግ እርሾ መሳይ ነገር የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት ነው። አንዳንዱ ላይ ጤፉ የሚመጣው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። በዝርዝሩ መጀመሪያ የሚጻፈው ደግሞ በብዛት የገባው ነው። ዋጋው በጣም ከረከሰ ጠርጥሪ። ቤት ጋግረው ከሚሸጡ እናቶች የምትገዢ ከሆነ ጽሑፍ የለውም፤ አፍ አውጥተሽ “ምን ተቀላቅሎበታል?” ብለሽ ጠይቂ። አይከፋቸውም። ጤፍ ብቻ ነው ቢሉሽም ኤርሾው ከየት እንደመጣ ጠይቂ፤ ከገብስ ቅልቅል ቡኮ የተቀዳ ኤርሾ ገብሱን ይዞ ይመጣል። ምጣዱና ማሰሻውም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ምናልባት ስንዴውን በዳቦ በኩል አስወጥተሽ በእንጀራ በኩል ስታስገቢው ከርመሻል። ጭንቅላትሽ “ገለጥ” ብሎ ጨርሶ ያልጠራውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ወይም ጉዳዩ ጭራሽ ግሉተን ላይሆን ይችላል። ለመለየት ያለው መንገድ በትክክል መመርመር ነው።

ወደ ሐኪምሽ ተመለሽና ይህን በይው፦ “ስመረመር ስንዴ አቁሜ ነበር፤ እንደገና መመርመር እፈልጋለሁ።” ከእሱ ጋር ከተስማማችሁ ስንዴውን ትመልሺዋለሽ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ ከአንድ ገበታ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ያስፈልጋል ይላል። መደንዘዙ ስላለብሽ ግን ይህን በራስሽ አትጀምሪው። የደም ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል። ጠቅላላ የአይጂኤ መጠንሽም አብሮ ይታይ፤ ሲሊያክ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ሁለት ሦስቱ አይጂኤ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ከተፈጥሯቸው ስለሌላቸው ምርመራው ያልፋቸዋል። ደሙ ካመለከተ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። ስንዴ መመለሱ የማይቻልሽ ከሆነ የዘር ምርመራ አለ፤ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉትን ዘረ መሎች ያያል። ለዚህኛው የምትበዪው ምግብ ለውጥ አያመጣም። ሁለቱም ከሌሉብሽ ሲሊያክን ከሞላ ጎደል ትረሺዋለሽ። ቢገኙብሽ ግን አትደንግጪ፤ ብዙ ጤነኛ ሰውም አለው።

በዚያው ደም ሌላም ነገር ይታይልሽ። ፍዘዝና መርሳት አባቱ ብዙ ነው። የብረት ክምችትሽ፣ የታይሮይድ ዕጢሽ፣ ስኳርሽ፣ ቢ12። ጿሚ ከሆንሽ ቢ12ን አደራ እላለሁ። በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ውስጥ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ ሲታይ ግን ልክ አንቺ እንዳልሽው እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰውም ቢ12ው ሊወርድ ይችላል። የወር አበባሽ ይበዛብሽ እንደሆነም ንገሪያቸው። የማሕፀን እጢ ያለባቸውና ደማቸው በየወሩ የሚፈስ ስንት እህቶቻችን ናቸው “ምግብ አልተስማማኝም” ብለው የሚንከራተቱት። እንቅልፍሽንም እይ፤ የሚያንኮራፋና እየባነነ የሚያድር ሰው ቀን ላይ ጭንቅላቱ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ስንዴ እየበላሽ ተመርምረሽ፣ ሲሊያክ የለም ቢባልና ስንዴ ስትተዪ ግን አሁንም የሚሻልሽ ከሆነስ? ይህም ያጋጥማል፤ ሲሊያክ ያልሆነ የስንዴ አለመስማማት ይሉታል። የራሱ የደም ምርመራ የለውም። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የኖርዌይ ጥናት ማወቅ ይጠቅምሻል። በራሳቸው ፈቃድ ግሉተን ያቆሙ 59 ሰዎች ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው አንዴ ግሉተን፣ አንዴ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት፣ አንዴ ምንም የሌለበት ምግብ ተሰጣቸው። ሆዳቸውን ይበልጥ ያወከው ፍሩክታኑ ነበር። ፍሩክታን ስንዴ ውስጥ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም በብዛት አለ። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ እንደሚፈጅ ለአንቺ አልነግርሽም። ሆድሽ የሚነፋው ከሽንኩርቱ ከሆነ ዳቦን ዕድሜ ልክ መተው አያስፈልግም። ይህን ግን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አንድ በአንድ እያወጣችሁ እየመለሳችሁ ነው የምትለዩት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካቆምሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂውም፤ ሰውነትሽም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስንዴ አእምሮ ያደነዝዛል የሚል ነገር ሰማች። ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትወስደውን ልጃችንን ዳቦና ፓስታ ከልክላታለች። ልጅቷ ጠዋት ባዶ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ለእኔ አልተዋጠልኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ አይዋጥም። ሲሊያክም የስንዴ አለመስማማትም የሌለበትን ጤነኛ ሰው ግሉተን ያደነዝዘዋል የሚል ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሲሊያክ የሌለባቸውን ከ13 ሺህ በላይ ጎልማሳ ሴቶች አይቶ፣ ግሉተን ብዙ በሚበሉትና ጥቂት በሚበሉት መካከል የማስታወስም ሆነ የማሰብ ፍጥነት ልዩነት አላገኘም። በባዶ ሆድ ሦስት ክፍለ ጊዜ የተቀመጠች ልጅ ግን ልቧ ምሳ ላይ ነው።

እናትየው ተጨንቀው ያደረጉት ስለሆነ አይጣሏቸው። ጠዋት ዳቦ በእንቁላል፣ በጾም ቀን በለውዝ ቅቤ፣ ወይም ፍርፍር ትብላ። ማታ በጊዜ ትተኛ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ብረት ስለሚያንሳቸው፣ ድካም ካለባት ደሟ ይታይ። ስንዴ የሚጠረጠረው ሌላ ምልክት ሲኖር ነው፦ የማይድን የደም ማነስ፣ የቆየ ተቅማጥ፣ የዕድገት መቆም፣ ዓይነት 1 ስኳር፣ ወይም ሲሊያክ ያለበት ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት። የቅርብ ዘመድ ካለ ዕድሉ ከአሥር ሰው ወደ አንድ ይጠጋል። ያኔም ቢሆን እየበላች ነው የምትመረመረው። ለቨርጂኒያዋ እህታችን የጻፍኩትን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። 27 ዓመቴ ነው፣ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። ሲሊያክ እንዳለብኝ በአንጀት ናሙና ከተረጋገጠ አንድ ዓመት ሆነኝ። ግሉተን ካቆምኩ ጭንቅላቴ ጸድቶልኛል። ነገር ግን ድግስ ወይም ማኅበር በሄድኩ ቁጥር በማግስቱ ያ ፍዘዝ ይመለሳል። ዳቦ አልነካም፣ ጠላም አልጠጣም። የሚያመልጠኝ ምንድን ነው? ቁርባንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በርትተሃል። ጠላውን መተውህ ትክክል ነው፤ ብቅሉ ገብስ ነው። ቢራም እንደዚያው። ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ስለሆነ ችግር የለበትም።

የሚያመልጥህ ትሪው ላይ ያለው ነው ብዬ እገምታለሁ። ድግስ ላይ እንጀራው ከየቤቱ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ንጹሕ ጤፍ፣ ሌላው ቅልቅል። ወጡ ቅልቅሉ ላይ ፈሶ አንተ የራስህን ንጹሕ እንጀራ አጥቅሰህ ብትበላም ግሉተኑን በልተሃል። ጉርሻም አለ፤ ያጎረሰህ እጅ ከደቂቃ በፊት ድፎ ዳቦ ሲቆርስ ነበር። ከዚያ ሽሮና በርበሬው። አገር ቤት ወፍጮ ቤት የተፈጨ ከሆነ ከእሱ በፊት በዚያው ወፍጮ ስንዴ ወይም ገብስ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ጥቂት ነው አትበል። በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ግሉተን የወሰዱ የሲሊያክ ሕመምተኞች አንጀታቸው እንደተጎዳ በጥናት ታይቷል። አንድ ቁራጭ የሳንድዊች ዳቦ ወደ 2 ግራም ገደማ አለው፤ ለአርባ ብትከፍለው አንዷ ፍርፋሪ ማለት ነው። ቆሎም ሲዞር ተጠንቀቅ፤ አብዛኛው ገብስ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ዳቦ ቆሎም አይሆኑህም።

የምትበላው ግን ብዙ ነው። የጤፍን ነገር እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው አውሮፓ፣ በኔዘርላንድስ ላይደን ያሉ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ የሲሊያክ ሕመምተኞችን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሌለበት አረጋግጠዋል። ዱቄቱን “ከግሉተን ነፃ” የሚል ያለበትን ግዛ፤ በአውሮፓ ሕግ ይህ ጽሑፍ የሚፈቀደው በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ለማይበልጥ ብቻ ነው። ኤርሾህን ከራስህ ቡኮ አስቀምጥ። ከዚያ ውጭ ቡላ አለ፣ ቆጮ አለ፣ የበቆሎ ገንፎ አለ፣ የሽምብራ ቆሎና ሱፍ አለ።

ቁርባኑ ከስንዴ ነው የሚዘጋጀው። ስለ መጠኑ ከላይ ጽፌልሃለሁ፤ ሥርዓቱን በተመለከተ ግን እኔ ልመልስልህ አይገባኝም። የሐኪም ወረቀትህን ይዘህ የንስሐ አባትህን አማክር፤ ተደብቀህ አትቅር፣ ተደብቀህም አትታመም።

ለሚቀጥለው ማኅበር ደግሞ ባለተራዋን ቀደም ብለህ ደውልላት። ትሪው ከመቅረቡ በፊት ከድስቱ በንጹሕ ጭልፋ ያንተን በሳህን ታውጣልህ። ወጥዋ ውስጥ ዱቄት ጨምራ እንደሆነ፣ ሽሮዋም ከየት እንደተፈጨ ጠይቃት። እንጀራህን በፎይል ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ።